የአሰልጣኙ ውለታና የእናት ስጋት

ጥያቄ፦ «የ14 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ላለፉት ሁለት ዓመታት በአንድ የታዳጊዎች የስፖርት ቡድን ውስጥ ይሠለጥናል። አሰልጣኙ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ፣ ወላጆች ሁሉ የሚያመሰግኑት፣ ልጆቹም የሚወዱት ሰው ነው። ልጄን ተሰጥኦ አለው ብሎ ከሌሎቹ ለይቶ ያበረታታዋል፤ ከልምምድ በኋላ ለብቻው ያሠራዋል፣ በመኪናው ቤት ድረስ ያመጣዋል፣ በቅርቡ ደግሞ ውድ የስፖርት ጫማ ገዝቶለታል። ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የልጄ ስልክ በራና ‹ተኛህ እንዴ?› የሚል የአሰልጣኙን መልእክት አየሁ። ልጄ ስልኩን ከፊቴ አንስቶ በግንባሩ ደፋው። በሚቀጥለው ወር ቡድኑ ለሦስት ሌሊት ወደ ሌላ ከተማ ለሥልጠና ይሄዳል። ባለቤቴ ‹ሰው በነፃ ለልጃችን እየደከመ ስሙን ልታጠፊ ነው?› ይለኛል። እኔም በእጄ የያዝሁት ማስረጃ ስለሌለ ሰው መወንጀል ያሳፍረኛል። ልጄን ከቡድኑ ላስወጣው? አሰልጣኙን ላናግረው? ወይስ ክፉ የማስበው እኔ ነኝ?» — እንቅልፍ ያጣሁ እናት

ምላሽ፦ ውድ እናት፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ክፉ አሳቢ አይደሉም። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ያስጨነቀዎት በሐሳብዎ የፈጠሩት ሳይሆን በዓይንዎ ያዩት ነገር መሆኑን ተረድቻለሁ። ይህን ማለቴ ግን አሰልጣኙ ጥፋተኛ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይወቁልኝ። እኔ ሰውየውን አላውቀውም፤ እርስዎና ባለቤትዎም ብታውቁት እንኳ የልቡን ማወቅ አትችሉም። ስለዚህ «ይህ ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ?» የሚለውን፣ ቤታችሁን ለሁለት የከፈለውን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን ተዉት። መልስ የሚገኝለት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ልጄ ከዚህ ሰው ጋር የሚያሳልፈውን ጊዜ ሌላ አዋቂ ሊያየው ይችላል ወይ? ሲያስፈልግስ ድንገት ገብቶ ሊያቋርጠው ይችላል ወይ? ይህን ለመመለስ የማንንም ልብ መመርመር አያስፈልግም፤ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ስልኩን ማየት ይበቃል።

በደብዳቤዎ አራት ነገሮችን ጠቅሰዋል፤ ለብቻ የሚሰጥ ልምምድ፣ በመኪና ማድረስ፣ ስጦታና የምሽት መልእክት። እያንዳንዱን ነጥለን ብናየው ቅን አሰልጣኝም ሊያደርገው የሚችል ነው። ተስፋ የሚጣልበትን ልጅ ትርፍ ሰዓት ማሠራት የተለመደ ነው፤ የመሸበትን ልጅ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድም ነውር ነው። ነገር ግን አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ ልጁን ከጓደኞቹና ከሌሎች አዋቂዎች ዓይን እየለዩ ወደ አንድ ሰው ብቻ ያስጠጉታል፣ በዚያ ላይም ውለታ ይከምሩበታል። በታዳጊዎች ላይ የሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት በአብዛኛው የሚፈጸመው ልጁ በሚያውቀውና ቤተሰቡ በሚያምነው ሰው እንጂ ከጨለማ ውስጥ ብቅ በሚል እንግዳ አይደለም፤ የሚጀምረውም በጉልበት ሳይሆን በትኩረት ነው። መጀመሪያ «አንተ ከሌሎቹ ትለያለህ» ይባላል። ቀጥሎ ለሌሎች የማይሰጥ ነገር ይሰጣል። ከዚያ አንድ ትንሽ ምስጢር ይመጣል፤ ምናልባት ለልጁ ዕድሜ የማይገባ ቀልድ፣ ምናልባት የተከለከለ መጠጥ፣ ምናልባትም «ይህን ለእናትህ ባትነግራት ይሻላል፣ በከንቱ ትጨነቃለች» የሚል ቃል ይሆናል። ልጁ ትንሹን ምስጢር ከጠበቀ ትልቁንም ይጠብቃል የሚል ስሌት አለበት። እጅ የሚዘረጋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ላይ ጨዋታ፣ ማሸት ወይም የጉዳት ምርመራ መስሎ ይመጣል። ያን ጊዜ ልጁ «ስጦታውን ተቀብያለሁ፣ ምስጢሩንም ጠብቄአለሁ፣ ስለዚህ እኔም አለሁበት» ብሎ ያስባልና አፉ ይታሰራል።

አዋቂዎችም ቀስ በቀስ ይለመዳሉ። ከሁሉ ቀድሞ ሜዳ የሚደርስ፣ ከሁሉ ዘግይቶ የሚሄድ፣ ለሥራ የተጠመደን ወላጅ ልጅ የሚያደርስ ሰው በአካባቢው ዘንድ የማይነካ ይሆናል፤ አንድ ሰው ጥያቄ ሲያነሳ መልሱን የሚሰጡት አመስጋኞቹ ናቸው። የተመሰገነ ሁሉ ይጠርጠር ማለቴ አይደለም። ምስጋና ለንጽሕናም ለጥፋትም ማስረጃ አይሆንም ማለቴ ነው፤ ስለዚህ «ሁሉም ይወደዋል» የሚለውን ከሚዛኑ ላይ ያንሱት።

ወደ ባለቤትዎ ቃል ልምጣ። ለልጃቸው ግድ የሌላቸው አባት ሆነው አላየኋቸውም፤ ይሉኝታ የያዛቸው አባት ሆነው ነው ያየኋቸው። ውለታ የዋለልንን ሰው ጥያቄ መጠየቅ ሁላችንንም ይከብደናል። እስቲ ግን ይህን አብራችሁ አስቡት፦ ሁለት አዋቂዎች በአንድ ጥንድ ጫማ ውለታ አፋቸው ከተያዘ፣ ጫማውን ያደረገው፣ በቡድኑ ውስጥ ያለው ቦታ በዚያ ሰው እጅ የሆነ፣ ማን ይሰለፍ ማን ይቀመጥ የሚለውን ያ ሰው የሚወስንበት የ14 ዓመት ልጅ እንዴት አድርጎ «ይህን አልፈልግም» ይላል? በአሰልጣኝና በሠልጣኝ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት እንዲህ ያለ ነው። የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 የተሻሻለው በዚህ ምክንያት ነበር። በዚያ አገር አንድ ሰው በ16 ዓመቱ ለወሲባዊ ግንኙነት ፈቃድ መስጠት ቢችልም፣ የስፖርት አሰልጣኝና የሃይማኖት መሪ ግን እንደ መምህር ሁሉ የአደራ ቦታ ላይ ያሉ ተብለው ከሚያሠለጥኑት ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋር ግንኙነት ማድረጋቸው ወንጀል ሆኗል። «እሱ ራሱ ፈቅዷል» የሚለው መልስ እንደማይሠራ ሕጉ አምኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ላንሳ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የታዳጊዎች ፕሮግራም ውስጥ በበጎ ፈቃደኝነት አስተምር ነበር። አንድ ምሽት ወላጆቿ የዘገዩባትን ተማሪ ለብቻዋ በመኪናዬ ጭኜ ቤቷ አደረስኋት። በማግስቱ የፕሮግራሙ ኃላፊ ጠርታ «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ፤ ሌላ ሰው ጠርተሽ ወላጆቿ እስኪመጡ አብራችሁ ጠብቁ» አለችኝ። ተቆጣሁ። ደግ በሠራሁ እንደ ሌባ ታየሁ ብዬ ሦስት ቀን በቅጡ ሰላም አላልኋትም። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ደንቡ የተጻፈው ለእኔ ሳይሆን ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ሰው ነበር። እኔ በቅንነቴ ምክንያት ከደንቡ ነፃ ብሆን፣ ነገ ቅን መስሎ የሚመጣ ሁሉ በዚያው በር ይገባል። ደንብ ሲኖርና ለሁሉም እኩል ሲሠራ ግን ማንንም ሳይወነጅሉ ልጅን መጠበቅ ይቻላል፤ ጥያቄው «አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» መሆኑ ይቀርና «ደንባችን ምን ይላል?» ይሆናል። እርስዎን ከይሉኝታ የሚያወጣዎትም፣ አሰልጣኙ ቅን ከሆነ ከሐሜት የሚያድነውም ይኸው ነው።

ደንብ የሌለበት መተማመን የት እንደሚያደርስ ዓለም በቂ ትምህርት አግኝቷል። የአሜሪካ የጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ፍርድ ሲሰጠው፣ ስለ ደረሰው ጉዳት የ156 ሴቶች ቃል ተሰምቶ ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹን ሕክምና በሚል ሽፋን ያጠቃቸው ወላጆቻቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ነው፤ ወላጆቹ እንዳያዩ በሰውነቱ ይከልላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለአዋቂዎች ተናግረን ሰሚ አጣን ብለው የመሰከሩም አሉ። ቦይ ስካውትስ ኦፍ አሜሪካ የተባለው የታዳጊዎች ድርጅት ደግሞ ልጆችን በማጥቃት የተጠረጠሩና ከአገልግሎት የተወገዱ ሰዎችን ስም እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በምስጢር መዝገብ ሲያከማች ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ1,200 በላይ የሚሆኑት ፋይሎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሕዝብ ይፋ ሆኑ፤ ድርጅቱ በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ከጠየቀ በኋላም ከ82,000 በላይ ሰዎች ተጠቅተናል ብለው አመለከቱ። መዝገብ ነበረ፤ ወላጆች ግን አያውቁትም ነበር። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 የሠራው ልዩ አጣሪ ኮሚሽን በየተቋማቱ ተጠቅተው ያደጉ ሰዎችን በሺዎች እየተቀበለ ሲያነጋግር፣ የደረሰባቸውን ለመናገር በአማካይ ወደ 24 ዓመት ገደማ እንደፈጀባቸው ተረድቷል። ስለዚህ «አንድ ነገር ቢኖር ልጄ ይነግረኝ ነበር» የሚለው መጽናኛ፣ ስንወደው የምንደገፍበት ቢሆንም፣ ክብደት የሚጣልበት አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንሂድ። በቅድሚያ የሚያነጋግሩት አሰልጣኙን ሳይሆን ቡድኑን የሚያስተዳድረውን አካል ነው፤ ኮሚቴም ይሁን ድርጅት፣ ከአሰልጣኙ በላይ ኃላፊ መኖር አለበት፤ ከሌለ ያ ብቻውን ትልቅ ክፍተት ነው። ሲያነጋግሩ የአሰልጣኙን ስም ማንሳት አያስፈልግዎትም። «ልጄ በሚቀጥለው ወር ስለሚጓዝ የታዳጊዎች ጥበቃ ደንባችሁን ማየት እፈልጋለሁ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። በደንቡ ውስጥ የሚፈልጉት ዋና ነገር አንድ አዋቂ ከአንድ ታዳጊ ጋር ማንም በማያያቸው ቦታ ብቻቸውን እንዳይሆኑ የሚከለክል አንቀጽ ነው። ይህ ማለት የግል ልምምድ አይሰጥ ማለት አይደለም፤ በሩ ይከፈት፣ ሌላ ሰው በዙሪያው ይኑር፣ ወላጅ ሳይነገር ብቅ ማለት ይፈቀድለት ማለት ነው። መኪናም እንደዚያው፤ ቢያንስ ሁለት ልጆች ወይም ሁለት አዋቂዎች ይኑሩበት፣ ወላጅም አስቀድሞ ይወቅ። የበጎ ፈቃደኞች የኋላ ታሪክ ይጣራል ወይ ብለውም ይጠይቁ፤ ነገር ግን «ተጣርቷል» በሚል መልስ ልብዎ አይሙላ፤ ማጣራት የሚያወጣው ከዚህ በፊት የተያዘውን ብቻ ነው፣ ያልተያዘው ወረቀቱ ንጹሕ ነው።

ስልኩ ደግሞ የዘመናችን የተዘጋ ክፍል ነው። ቀድሞ አንድ አዋቂ ልጅን ለብቻው ለማግኘት ቦታና ምክንያት መፈለግ ነበረበት፤ አሁን ልጁ አልጋው ውስጥ እያለ፣ እርስዎ በሚቀጥለው ክፍል ሳሉ ማግኘት ይችላል። ጥሩ ደንብ ያለው ቡድን አሰልጣኝ ለታዳጊ በግል እንዳይጽፍ ይከለክላል፤ የልምምድ ሰዓት፣ የቦታ ለውጥ፣ ማበረታቻም ቢሆን ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ ባለበት የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ቡድን ይላካል፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላም አይላክም። «ተኛህ እንዴ?» የሚለው መልእክት ስለ ልምምድ አይደለም። ወንጀልም አይደለም። ግን አንድ አዋቂ የ14 ዓመት ልጅን በዚያ ሰዓት እንዲህ ብሎ የሚጠይቅበት የሥራ ምክንያት ሊታየኝ አልቻለም፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔንም ያሳሰበኝ ይህ ነው። መልእክቶቹ በራሳቸው እንዲጠፉ ተደርገው የሚላኩ ከሆነ ስጋቴ በእጥፍ ይጨምራል።

ስለ ጉዞው ሰፋ አድርጌ መጻፍ የፈለግሁት፣ ልጆች ከቤት ርቀው የሚያድሩበት ጊዜ የተለመደው ጥበቃ ሁሉ የሚላላበት በመሆኑ ነው። ልጁ ደክሞታል፣ ከእርስዎ ርቋል፣ የሚያዝዘው፣ የሚያበላው፣ የሚያስተኛው ያው አሰልጣኝ ነው። ስለዚህ የመኝታውን ዝርዝር ከጉዞው በፊት በወረቀት ይጠይቁ። ማንኛውም አዋቂ፣ አሰልጣኝም ይሁን የሌላ ልጅ ወላጅ፣ ከገዛ ልጁ በቀር ከሌላ ታዳጊ ጋር አንድ ክፍል አያድርም። ልጆቹ አንድ ክፍል ሲመደቡም ዕድሜያቸው ይቀራረብ፤ የ13 ዓመት ልጅ ከ17 ዓመት ልጅ ጋር ዝም ብሎ አይመደብም። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነው፤ በታዳጊዎች ላይ ከሚደርሰው ጥቃት ቀላል የማይባለውን ክፍል የሚፈጽሙት ራሳቸው ታዳጊዎች ናቸው፤ «አዲስ ገቢ ማጥመቅ» በሚል ቀልድ የሚጀመር ውርደትም የሚበረታው በእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ላይ ነው። ሌሊት ኮሪደሩን የሚቆጣጠሩት ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች እነማን ናቸው? አንዱ ቢታመም ማን ይተካዋል? የመታጠቢያና የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ልጆቹ ከአዋቂዎቹ በተለየ ሰዓት ይጠቀማሉ ወይ? በዚያ ቦታ ስልክና ካሜራ ተከልክሏል ወይ? ልጅ ቢጎዳና መታሸት ቢያስፈልገው የሚያየው ማን ነው፣ ሌላ አዋቂ በተገኘበት ነው ወይስ በተዘጋ በር? ልጆቹ ማታ ማታ ስልካቸው የሚሰበሰብ ከሆነ ወደ ቤት መደወል የፈለገ ልጅ አሰልጣኙን ሳያስፈቅድ በምን ይደውላል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አጥብቀው ይያዙ፤ ለሥነ ሥርዓት ተብሎ የሚሰበሰብ ስልክ ልጁን ከብቸኛ መውጫው የሚለየው ሊሆን ይችላል።

ከልጅዎ ጋር የሚያደርጉት ንግግር ከኮሚቴው ጋር ከሚያደርጉት ይልቅ ይከብዳል። ስልኩን ቀምተው አይበርብሩ፤ ዛሬ ቢያሸንፉ ነገ ሌላ መንገድ ያበጃል፣ የሚነግርዎትም ነገር ያበቃል። ፊት ለፊት አስቀምጠው «ንገረኝ፣ ምን አድርጎሃል?» ብለው አይመርምሩት። ታዳጊ ወንድ ልጅ ዓይን ለዓይን ተያይቶ የልቡን አያወራም፤ ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ እየተራመዳችሁ ወይም ዕቃ እያጠባችሁ ይሻላል። ከራስዎ ይጀምሩ። «ባለፈው የመጣውን መልእክት ሳየው ግር አለኝ። አሰልጣኝህን ለማማት አይደለም። አንድ አዋቂ ለልጅ በዚያ ሰዓት የሚጽፍ ከሆነ ግን እኔ ማወቅ አለብኝ» ይበሉትና ዝም ይበሉ። ዝምታው ይረዝም ይሆናል፣ ይታገሡት። «ምንም የለም» ካለዎት «እሺ፣ ደስ ብሎኛል» ብለው ይተዉት፤ በር ከፍተዋል፣ ዛሬውኑ መግባት የለበትም።

ከጉዞው በፊት ግን በግልጽ እንዲሰማቸው የምፈልጋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። አዋቂ ልጅን ከወላጁ ምስጢር እንዲደብቅ መጠየቅ እንደሌለበት፣ ከጠየቀውም ያን ምስጢር መንገር ክህደት እንዳልሆነ ይንገሩት። ስጦታ የሰጠ ሰው ገላን የመንካት መብት እንደማያገኝ ይንገሩት። ወንድ ልጅም እንደሚጠቃ፣ ሰውነት ሲፈራ ደርቆ ሊቀር እንደሚችል፣ አለመታገል መፍቀድ እንዳልሆነ፣ ሰውነቱ በራሱ ስሜት ቢያሳይ እንኳ ፈልጎታል ማለት እንዳልሆነ ይንገሩት። ይህ የመጨረሻው ለእናት አፍ ይከብዳል፤ አባቱ ቢነግሩት መልካም ነው፣ ለባለቤትዎም ከክርክሩ የተሻለ ሥራ ይሰጣቸዋል። በመካከላችሁ አንድ የምልክት ቃልም ይኑራችሁ፤ ለምሳሌ ደውሎ «ሰማያዊውን ቦርሳ ረሳሁት» ካለ ለምን ሳትሉ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ትሄዱና ታመጡታላችሁ። ቦርሳው በእርግጥ ቢረሳ እንኳ ቁጣ የለም።

አያድርገውና አንድ ነገር ከነገረዎት፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ይወስናሉ። ፊትዎ ላይ የሚያየውን ድንጋጤ የራሱ ጥፋት አድርጎ ይወስደዋልና በተቻለዎት መጠን ይረጋጉ። «አምንሃለሁ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ስለነገርኸኝ ጥሩ አድርገሃል» ይበሉት። «ለማንም አልናገርም» ብለው ግን ቃል አይግቡ፤ የማይጠብቁት ቃል ነው፤ ይልቁንም «አንተን መጠበቅ ለሚችሉ ሰዎች ብቻ እነግራለሁ፣ ከመንገሬ በፊትም ላንተ እነግርሃለሁ» ይበሉት። ጥያቄዎችዎ ጥቂትና ክፍት ይሁኑ፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ከሚለው አይለፉ። «እዚህ ጋ ነክቶሃል አይደል?» የሚል ጥያቄ መልሱን አፉ ውስጥ ስለሚያኖር በኋላ ምርመራውን ያበላሻል። የተናገረውን በራሱ ቃል፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር ወዲያውኑ ይጻፉ። መልእክቶችን አያጥፉ፤ ከመጥፋታቸው በፊት በሌላ ስልክ ፎቶ ያንሷቸው። አካላዊ ጥቃት በቅርቡ ደርሶ ከሆነ ገላውን ሳይታጠብ፣ ልብሱንም ሳታጥቡ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት የግድ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም የበለጠ ይሠራል። ከዚያ ወደ ፖሊስና ወደ ሕፃናት ጥበቃ አካል ይሂዱ። አሰልጣኙ ጋ ደውለው አይጋፈጡት፣ ባለቤትዎም ተቆጥተው እንዳይሄዱበት ይያዙልኝ፤ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ማስረጃ ያጠፋል፣ ሌሎቹን ልጆችም ዝም ያሰኛል። ቡድኑ «በውስጥ እንጨርሰው፣ የልጁ ስም እንዳይጠፋ» የሚል ሐሳብ ካቀረበም አይቀበሉት። ውስጥ ለውስጥ የተጨረሰ ጉዳይ አጥቂውን ወደ ሌላ ቡድን ያዛውረዋል እንጂ ልጅ አያድንም።

ልጅዎ ምንም ካልነገረዎትና ምንም ከሌለ ደግሞ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምንመኘው፣ የቀረዎት አሰልጣኙን በአክብሮት ማነጋገር ነው። ኮሚቴውን ካነጋገሩ በኋላ፣ ባለቤትዎ ባሉበት፣ አጭር አድርጋችሁ «ለልጃችን ስለምታደርገው ሁሉ እናመሰግናለን። ከእንግዲህ መልእክት በጋራ ቡድኑ ላይ ወይም ለእኛ ይሁን፣ ከልምምድ በኋላም እኛ መጥተን እንወስደዋለን» በሉት። ምላሹን ያስተውሉ። ቅን ሰው ለጊዜው ቅር ሊለው ይችላል፣ እኔም ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ወሰኑን ያከብራል። ወሰን ካበጃችሁ በኋላ ሌላ መንገድ የሚፈልግ፣ ልጁን «እናትህ አታምነኝም» ብሎ በእናንተ ላይ የሚያስነሣ፣ ወይም በድንገት ከሰልፉ የሚያስወጣው ከሆነ፣ ያ ምልክት ነው፤ ያኔ ልጁን ከቡድኑ ለማውጣት ሌላ ማስረጃ አይጠብቁ፣ ለኮሚቴውም ያዩትን በጽሑፍ ያሳውቁ።

ከዚያ በፊት ግን ልጁን ከቡድኑ እንዲያስወጡት አልመክርም። ምንም ሳያጠፋ የሚወደውን ነገር ቢነጠቅ፣ ለእናት መናገር ዋጋ እንደሚያስከፍል ይማራል፤ ይህ ደግሞ ወደፊት የሚናገረውን ይዘጋዋል። ጉዞው ግን ሌላ ነገር ነው። የመኝታው ዝርዝር፣ የሌሊት ተቆጣጣሪዎቹ ስምና ልጁ ሳያስፈቅድ መደወል የሚችልበት መንገድ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት በጽሑፍ እጅዎ ካልገቡ፣ ልጅዎ አይሂድ። ቢያለቅስም፣ ባለቤትዎ ቢያኮርፉም፣ ሌሎች ወላጆች ቢያሙም። ከተቻለ ብቻዎን አይጠይቁ፤ ሁለት ወይም ሦስት ወላጆችን ያስተባብሩ። አብዛኞቹ እርስዎ የጠየቁትን መጠየቅ ፈልገው በይሉኝታ የተቀመጡ ሆነው እንደሚያገኟቸው እገምታለሁ።

ጫማውን በተመለከተ፣ ልጁ በእጁ እንዲመልስ አታድርጉት፤ ያዋርደዋል፣ በእሱና በአሰልጣኙ መካከልም አዲስ ጉዳይ ይፈጥራል። ዋጋውን አጣርታችሁ በፖስታ አድርጋችሁ፣ ወላጆች ተሰብስበው በሚቆሙበት የልምምድ መጨረሻ ላይ፣ ባለቤትዎ በምስጋና ለአሰልጣኙ ይስጡት። እምቢ ካለ ለቡድኑ ኳስ መግዣ ይሁን በሉት።